በሕፃናት ድጋፍ ድርጅት የሥራ ባህልን ማስተካከል፦ ከፈረቃ ሰሌዳ የሚጀምር ዝርዝር መመሪያ

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከቃሊቲና ከቱሉ ዲምቱ አንሥቶ እስከ ለሚ ኩራና ኮልፌ ጫፍ ድረስ፣ ከቤተሰብ የተለዩ ሕፃናትን የሚንከባከቡ ድርጅቶች የሥራ ባህላቸውን ለማሻሻል ሲነሡ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ከሥልጠና ነው። ሠራተኛው ቢሾፍቱ ሁለት ቀን ይከርማል፣ አበል ይከፈላል፣ የእሴቶች ዝርዝር ታትሞ በግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ከወር በኋላ ግን የሌሊት ሞግዚቷ አሁንም በስብሰባ አትናገርም፤ የተበደለው ሠራተኛም ቅሬታውን ለጓደኛው እንጂ ለኃላፊው አይነግርም። ይህ የሚሆነው ሠራተኛው መከባበርን ስላልተማረ አይደለም፤ አድልዎው የሚኖረው በፈረቃ ሰሌዳው፣ በስብሰባው ሥርዓት፣ በቋንቋ አጠቃቀሙና በቅሬታ አቀራረቡ ውስጥ ስለሆነ ነው። በዚህ መመሪያ ሥልጠና የሚመጣው እነዚህ አራቱ ከተስተካከሉ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ሳይቀይሩ ይከተሉ።

ከመጀመርዎ በፊት

ሰው ከማነጋገርዎ በፊት ወረቀት ያንብቡ። ያለፉት ስድስት ወራት የፈረቃ ሰሌዳ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሰነድ፣ የዓመት ፈቃድ መዝገብ፣ ስለ ሕፃናቱ የተደረጉ የጉዳይ ውይይቶች ቃለ ጉባኤና የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤዎች ያስፈልጉዎታል። በዓላትን ደጋግሞ ተረኛ የሆነው ማን ነው? ፈቃድ ጠይቆ በተደጋጋሚ የተከለከለው ማን ነው? በቃለ ጉባኤው ላይ ተገኝቷል ተብሎ ስሙ የተጻፈ፣ ነገር ግን አንድም ሐሳብ ያልተመዘገበለት ሠራተኛ የትኛው ነው? የእነዚህን ጥያቄዎች መልስ በአንድ ገጽ ላይ ይጻፉ። ኋላ ላይ «እኛ ዘንድ አድልዎ የለም» የሚል ኃላፊ ሲያጋጥምዎ የሚያሳዩት ይህንን ገጽ ነው።

ሁለት ሕጎችንም አጠገብዎ ያኑሩ፦ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን እና የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000ን። ተቋምዎ መንግሥታዊ ከሆነ ከመጀመሪያው አዋጅ ይልቅ የመንግሥት ሠራተኞችን ሕግ ይመልከቱ።

*ማስጠንቀቂያ፦* የሠራተኞችን ብዝኃነት ለማወቅ ብለው በብሔር የተከፋፈለ ዝርዝር አያዘጋጁ። ዝርዝሩ በሁለተኛው ቀን ከእጅዎ ይወጣል፤ ዓላማውንም ማንም አያምንም። ለሥራው የሚጠቅመው ሠራተኛው የሚናገራቸውን ቋንቋዎች ማወቅ ስለሆነ እሱን ብቻ ይጠይቁ።

ደረጃ 1፦ የሥራ አስኪያጁን ውሳኔ በጽሑፍ ያግኙ

1. አስተያየት የሰጠ ሠራተኛ ሥራውን፣ ፈረቃውን ወይም ጥቅማ ጥቅሙን እንደማያጣ የሚገልጽ፣ በሥራ አስኪያጁ የተፈረመ አጭር ደብዳቤ ያስወጡ።

2. ሥራውን የሚያስተባብሩ ሁለት ሰዎች ይሰየሙ። አንደኛው ከቢሮ፣ ሌላው ከሞግዚቶች፣ ከጽዳት ወይም ከጥበቃ ክፍል ይሁን። ሁለቱም ለዚህ ሥራ በሳምንት የተወሰነ ሰዓት ከመደበኛ ሥራቸው ላይ ይቀነስላቸው።

ሥራ አስኪያጁ «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» ብለው ነገሩን ሊያልፉት ቢሞክሩ አይከራከሩ፤ ያዘጋጁትን ገጽ ያሳዩዋቸው። ይህ አባባል በብዙ ድርጅት ውስጥ ታናሹ ዝም እንዲል፣ ታላቁ እንዳይጠየቅ ያገለግላል የሚል እምነት አለኝ። ደብዳቤው ካልተፈረመ ወደ ደረጃ 2 አይሂዱ፤ ዋስትና ሳይሰጡ ሰውን ማናገር ሠራተኛውን ለበቀል ማጋለጥ ነው።

ደረጃ 2፦ ሠራተኛውን ሳያጋልጡ ያዳምጡ

ሠላሳ ወይም አርባ ሠራተኛ ባለበት ግቢ የእጅ ጽሑፍ ይታወቃል። በቢሮ ኮሪደር ላይ፣ ከጸሐፊዋ ፊት ለፊት የተሰቀለ የአስተያየት ሳጥንም ባዶውን ይከርማል። ስለዚህ፦

1. አድማጩ ከድርጅቱ ውጭ ይሁን። ከሌላ ተመሳሳይ ድርጅት በስምምነት የሚመጣ ባለሙያ ይበቃል፤ ውድ አማካሪ መቅጠር አያስፈልግም።

2. ሠራተኞችን በሥራ ዘርፍ ለይተው ያነጋግሩ። ሞግዚቶች ከሞግዚቶች፣ ጥበቃዎች ከጥበቃዎች ጋር ይቀመጡ። የቅርብ አለቃቸው በክፍሉ ውስጥ አይገኝ፤ በር ላይም አይቁም።

3. የሌሊት ተረኞችን በሥራ ሰዓታቸው ሄደው ያነጋግሩ። ሌሊቱን ሙሉ ሠርታ የወጣችን ሞግዚት ጠዋት 3 ሰዓት ድረስ ለስብሰባ ማቆየት ራሱ ሊስተካከል የሚገባው አድልዎ ነው።

4. ስለ ስሜት ሳይሆን ስለተፈጸመ ነገር ይጠይቁ። «በሥራዎ ደስተኛ ነዎት?» ለሚል ጥያቄ ይሉኝታ ያለበት ሰው ሁሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ያልፋል። «ባለፈው ወር ፈረቃዎ በድንገት የተቀየረው መቼ ነበር? ማን ነገረዎት?» ለሚለው ግን እውነተኛ መልስ ያገኛሉ።

ሁሉም ሰው ምንም ችግር የለም ካለ አይዘኑ፣ አይጫኑም። በዚያው ሳምንት ከወረቀቱ ላይ ያገኙትን አንድ ትንሽ ነገር ያስተካክሉና ማስተካከልዎን ይንገሯቸው፤ ለምሳሌ ሳይከፈል የቆየ የትርፍ ሰዓት ክፍያ እንዲከፈል ያድርጉ። በሁለተኛው ዙር ይናገራሉ። የሰሙትንም ስም ሳይጠቅሱ በ15 ቀን ውስጥ ጠቅለል አድርገው ለሁሉም ይግለጹ፤ ከዚያ በላይ ከዘገየ ሐሜቱ ይቀድምዎታል።

ደረጃ 3፦ የፈረቃ ሰሌዳውን እንደገና ይሥሩ

ይህ ደረጃ ከሁሉም ረጅሙና አድካሚው ነው። ጊዜ የሚወስድብዎትም እዚህ ይሁን።

1. የፈረቃ መቀያየሪያ ሰዓትን በትራንስፖርት ይወስኑ። በከተማው ዳርቻ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ታክሲ ይሳሳል፤ በክረምት ደግሞ ከዋናው መንገድ እስከ ሰፈር ድረስ በጭቃ ውስጥ በእግር መሄድ ግድ ይሆናል። ሰዓቱን የሚወስኑት በድርጅቱ መኪና የሚመላለሱ ሰዎች ከሆኑ ይህ አይታያቸውም። ቅያሪው ንጋት 12 ሰዓት ተኩልና ምሽት 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ቢሆን ይመረጣል፤ ከዚያ ካመሸ ሠራተኛዋን የሚያደርስ መኪና ወይም በግቢው ውስጥ የሚቆለፍ መኝታ ክፍል ይዘጋጅ።

2. ነፍሰ ጡር ሠራተኛን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ አይመድቡ፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጁ ይከለክላል። ከሌሊት ፈረቃ ስትወጣ የሚጎድልባት ጥቅም ካለ አስቀድመው ያስሉትና መፍትሔ ይፈልጉለት። አለዚያ ገቢዋ እንዳይቀንስ ብላ እርግዝናዋን ትደብቃለች።

3. የትርፍ ሰዓት ክፍያን ይፈትሹ። በአዋጁ መሠረት ክፍያው በቀን የመደበኛው ሰዓት ክፍያ 1.5 እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75 እጥፍ፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን 2 እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ነው። «በሌላ ቀን ታርፊያለሽ» የሚል የቃል ተስፋ ብቻውን የክፍያ ሰነድ አይተካም።

4. በዓላትን በፈቃደኝነት ያለዋውጡ። ሙስሊም ሠራተኛ ገናንና ፋሲካን፣ ክርስቲያን ሠራተኛ ኢድ አል ፈጥርንና አረፋን ቢሸፍን ሁሉም ይጠቀማል፤ ነገር ግን ሳይጠይቁ አይመድቡ። ፋሲካን ሁልጊዜ ተረኛ የምትሆነው አንዲት ሙስሊም ሞግዚት፣ በኢድ ቀንም ምትክ ጠፋ ተብላ ስትጠራ ልውውጡ ቅጣት ይሆንባታል። የሁለቱንም ወገን በዓላት ሰሌዳ ዓመቱ ሲጀምር አንድ ላይ ያውጡት።

5. ሰሌዳውን ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ይለጥፉ። ከዚያ በኋላ የሚደረግ ለውጥ በጽሑፍ፣ ምክንያቱ ተጠቅሶ ይሁን።

በዚህ ደረጃ ብዙዎች የሚረሱት ሕፃናቱን ነው። ለሠራተኛው ፍትሐዊ ይሁን ተብሎ ሞግዚቶችን ሕፃናቱ በሚኖሩባቸው ቤቶች ሁሉ ማዘዋወር ሕፃኑን በየሳምንቱ ከአዲስ ሰው ጋር ያገናኘዋል፤ ከቤተሰቡ ለተለየ ሕፃን ይህ ዳግመኛ መለየት ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቤት ቋሚ የሆኑ አራት ወይም አምስት ሞግዚቶችን ይመድቡና ቀኑንና ሌሊቱን እነሱ እርስ በርሳቸው ይቀያየሩ።

*ነባር ሠራተኞች እንቢ ካሉ፦* ለዓመታት የቀን ፈረቃ ብቻ ሲሠሩ የኖሩ ሠራተኞች መብታቸው እንደተነጠቀ አድርገው ማየታቸው አይቀርም። የሦስት ወር መሸጋገሪያ ይስጧቸው፤ በአዲሱ ሰሌዳ ውስጥም የትኞቹን ሌሊቶች እንደሚይዙ አስቀድመው እንዲመርጡ ያድርጉ። የሕክምና ምክንያት ያለውን ሰው ግን በማስረጃ ነጻ ያድርጉት፤ ምክንያቱን በሰሌዳው ላይ አይጻፉ።

ደረጃ 4፦ የጉዳይ ውይይቱን ቅደም ተከተል ይገልብጡ

ሕፃኑ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚነቃ፣ ከየትኛው ምግብ እንደሚሸሽ፣ ዘመድ ሊጠይቀው መጥቶ ከሄደ በኋላ ምን እንደሚሆን የምታውቀው ሞግዚቷ ናት። በውይይቱ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ ሻይ ታቀርባለች።

1. ሞግዚቷ መጀመሪያ ትናገር፤ ከዚያ ነርሷ፣ ከዚያ ማኅበራዊ ሠራተኛው፣ በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ። ኃላፊው መጀመሪያ ከተናገረ ሌላው ሁሉ እሱን ይደግማል።

2. ተናጋሪዋ ሳትጨርስ ማንም አያርማት። ባለሙያው የተለየ አስተያየት ካለው በራሱ ተራ ይግለጽ።

3. የተናገረችው በቃለ ጉባኤው ላይ በስሟ ይመዝገብ፤ ሐሳቧ ካልተወሰደም ለምን እንዳልተወሰደ ይጻፍ።

4. መጻፍ ለማትችል ወይም ለሚከብዳት ሞግዚት በፈረቃ ርክክብ ጊዜ ሌላ ሠራተኛ እየጠየቀ ይመዝግብላት። የድምፅ መልእክት በቴሌግራም ቡድን እንድትልክ አያድርጉ፤ የሕፃኑ ታሪክ በሃያ ስልክ ላይ ይቀራልና።

በመጀመሪያዎቹ ስብሰባዎች ሞግዚቷ «ደኅና ነው» ብቻ ብላ ብትቀመጥ ሥርዓቱ አልሠራም ብለው አይተዉት። ከስብሰባው አንድ ቀን በፊት አስተባባሪው ሦስት ጥያቄዎችን ይስጣት፦ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ፣ ከሌሎች ልጆች ጋር ስላለው ግንኙነት። ተዘጋጅታ ስትመጣ ትናገራለች።

ደረጃ 5፦ ቋንቋንና አጠራርን ያስተካክሉ

በዳርቻው የሚሠራ ድርጅት ከሸገር ከተማ ጋር ይዋሰናል ወይም በውስጡ ይገኛል፤ ከሚያገለግላቸው ቤተሰቦች ብዙዎቹ አፋን ኦሮሞ ይናገራሉ። ከደቡብ የመጡ፣ ወላይትኛ ወይም ጋሞኛ የሚናገሩ ልጆችም ያጋጥማሉ። የድርጅቱ ቅጽ ግን በአማርኛ ብቻ ነው። በተግባር የሚሆነው ይህ ነው፦ አያቲቱ ከሰበታ ወይም ከገላን ሲመጡ ማኅበራዊ ሠራተኛዋ የጥበቃ ሠራተኛውን ወይም የጽዳት ሠራተኛዋን ጠርታ «እስቲ ምን እያሉ ነው?» ትላለች። ያ ሰው የቤተሰቡን ከባድ ምሥጢር ይሰማል፣ ያስተረጉማል፣ ከዚያ ወደ መጥረጊያው ይመለሳል። ክፍያ የለም፣ ሥልጠና የለም፣ ምሥጢር ለመጠበቅ የፈረመው ነገርም የለም።

1. የሚያስተረጉሙ ሠራተኞችን ለይተው ይመዝግቡ፤ ፈቃደኛ መሆናቸውን ይጠይቁ፤ ሥራውን በሥራ መዘርዝራቸው ውስጥ አስገብተው አበል ይወስኑለት።

2. የምሥጢር ጥበቃ ስምምነት ያስፈርሟቸው፤ የሰሙትን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ እንዲያስተላልፉም ያለማምዷቸው።

3. ቢያንስ የመቀበያ ቅጹንና የቅሬታ መመሪያውን በአፋን ኦሮሞም ያዘጋጁ። በቀጣይ ቅጥር ላይ አፋን ኦሮሞን መናገር ነጥብ ይያዝለት።

4. መስማት የተሳነው ልጅ ወይም ሠራተኛ ካለ ምልክት ቋንቋ የሚችል ሰው በስብሰባ ላይ ይኑር፤ ኋላ ሄዶ በጽሑፍ ማስረዳት ተሳትፎ አይደለም።

አጠራርን በተመለከተ አንድ ደንብ ብቻ ያውጡ፦ በሥራ ቦታ አዋቂ ሠራተኛ ሁሉ በአንድ ዓይነት አክብሮት ይጠራ። ሃምሳ ዓመት የሞላቸውን የጽዳት ሠራተኛ «አንቺ» እያለ፣ የእርሳቸውን ልጅ የሚያህለውን የሂሳብ ሠራተኛ «እርስዎ» የሚል መሥሪያ ቤት ለሕፃናቱም የሚያስተምረው ያንኑ ነው። «ማዘር» ወይም «ጋሼ» መባልን የሚወዱ ካሉ ይቀጥል፤ መርጠው ይሁን እንጂ።

ደረጃ 6፦ እምነት፣ ምግብ፣ መዋጮ

እዚህ ብዙ መራቀቅ አያስፈልግም። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የዓርብ የምሳ ሰዓት ከ5፡30 እስከ 7፡30 የሚረዝመው ለጁምአ ሶላት ጭምር ነው፤ ድርጅትዎም ተመሳሳይ ጊዜ ይፍቀድና ክፍተቱን በሌላ ሠራተኛ ይሸፍን። በሮመዳን የማታ ተረኛዋ የምታፈጥርበት ጊዜ በሰሌዳው ላይ ይመዝገብ። የሠራተኛ ግብዣ ሲኖር የጾም ምግብ ይኑር፤ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ሥጋም በተለያየ ድስትና ቢላ ይሠራ። ይህን ማድረግ ካልተቻለ ግብዣው ሙሉ በሙሉ የጾም ምግብ ይሁን። ቡናውን ሁልጊዜ የምታፈላው አንዲት ሴት ሠራተኛ ከሆነች በተራ ያድርጉት ወይም ለሥራው ይክፈሏት።

ለሠርግ፣ ለልቅሶና ለልደት የሚሰበሰበው መዋጮ ደግሞ ሳይታሰብ ሰውን የሚያገል ነገር ነው። ከሥራ አስኪያጁና ከምግብ አብሳይዋ እኩል ብር መጠየቅ እኩልነት ሊመስል ይችላል፤ ዝርዝሩ በቢሮ በር ላይ «ያልከፈሉ» ተብሎ ሲለጠፍ ግን ምን እንደሆነ ግልጽ ይሆናል። መዋጮው በፈቃድ፣ መጠኑ በምሥጢር ይሁን።

አካል ጉዳት ያለበት ሠራተኛ ካለ ምን እንደሚያስፈልገው እሱን ራሱን ይጠይቁ፤ አዋጅ 568/2000 ተስማሚ የሥራ ሁኔታ ማመቻቸትን የአሠሪው ግዴታ ያደርገዋል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጁ መሠረት የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ነው፤ አባትም ክፍያ ያለው 3 ተከታታይ ቀን ያገኛል። ወንዶቹ ይህን ፈቃድ የሚጠቀሙበት ኃላፊው አስቀድሞ ከነገራቸው ብቻ ነው።

ደረጃ 7፦ የቅሬታ መንገዱን በሁለት ይክፈሉ

1. የመጀመሪያው መንገድ በሠራተኞች መካከል ለሚነሣ ጉዳይ ነው፦ ለፈረቃ፣ ለስድብ፣ ለአድልዎ፣ ለትንኮሳ። ቅሬታ ተቀባዮቹ ቢያንስ ሁለት ይሁኑ፤ አንዷ ሴት ትሁን፤ ማንኛቸውም የደመወዝና የቅጥር ውሳኔ ሰጪ አይሁኑ። ቅሬታው በደረሰ በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ መድረሱ ይረጋገጥ፣ በ15 ቀን ውስጥ መልስ ይሰጥ።

2. ሁለተኛው መንገድ ለሕፃናት ደኅንነት ብቻ ነው። ሠራተኛ ሕፃን መታ፣ አዋረደ ወይም ነካ የሚል ነገር ከተሰማ በሠራተኛ ቅሬታ ውስጥ አይግባ፤ በዚያው ቀን ለሕፃናት ጥበቃ ኃላፊው ይድረስ፣ እንደ ጉዳዩም ለወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትና ለፖሊስ ይተላለፍ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚንከባከቡ ተቋማት ውስጥ አካላዊ ቅጣትን ይከለክላል፤ «ለተግሣጽ ነው» የሚል መከላከያ እዚህ ቦታ የለውም።

*ከባድ ማስጠንቀቂያ፦* የወሲባዊ ትንኮሳ ቅሬታን ወደ ሽምግልና አይውሰዱ። ሽማግሌ ለፈረቃ ጠብና ለቃላት ግጭት ይጠቅማል፤ በትንኮሳ ላይ ግን የተበደለችው ይቅርታ እንድታደርግ ተለምና ከዚያው ሰው ጋር ሌሊት ተረኛ እንድትሆን ያደርጋል። ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ የሚቀየረው የተከሰሰው ሰው የሥራ ቦታ ይሁን እንጂ የከሳሿ አይሁን። አሠሪው ወይም የሥራ መሪው ራሱ ትንኮሳ ከፈጸመ ሠራተኛዋ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን የመልቀቅ መብት በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጁ እንዳላት በቅሬታ መመሪያው ላይ በግልጽ ይጻፍ።

ቅሬታ ያቀረበች ሠራተኛ ከሁለት ወር በኋላ ፈረቃዋ ከከበደ፣ ውሏ ካልታደሰ ወይም ከስብሰባ ከቀረች በቀል ሊሆን ይችላል። ለስድስት ወር ያህል በየወሩ የእርሷን ሰሌዳና የፈቃድ መዝገብ ይመልከቱ፤ ተጨባጭ ምክንያት ያልቀረበለት ለውጥ ካገኙ እንዲሻር ያድርጉ።

ደረጃ 8፦ በተቋም ያደጉ ሠራተኞችንና የሥራውን ጫና ያስቡ

ከሠራተኞችዎ መካከል ራሳቸው በሕፃናት ማሳደጊያ ያደጉ ይኖራሉ። ታሪካቸውን ለለጋሽ ጉብኝት አይጠቀሙበት፤ «ያንተን ንገራቸው እስቲ» የሚል ግብዣ፣ ከአለቃ ሲመጣ ትእዛዝ ነው። ፈቃደኛ ከሆኑ ግን በማሳደጊያ ደንብ ዝግጅት ላይ እንዲሳተፉ ያድርጉ፤ ለሥራቸውም ይከፈላቸው።

ሕፃን ሲሞት፣ ሲጠፋ ወይም ወደ ቤተሰቡ ሲመለስ ሞግዚቷ ታዝናለች። በሳምንቱ ውስጥ ከቅርብ ኃላፊዋ ሌላ የሆነ ሰው ለብቻዋ ያነጋግራት፤ ሐዘኗ በሥራ ምዘናዋ ላይ አይመዝገብ።

ደረጃ 9፦ አሁን ያሠልጥኑ፣ ከዚያ ይፈትሹ

አሁን ሥልጠና መስጠት ይቻላል። በራስዎ ግቢ፣ በግማሽ ቀን፣ የራስዎን አዲስ ደንቦች እያነበቡና እየተለማመዱ ያድርጉት። ሁሉም እንዲገኝ በሁለት ዙር ይክፈሉት፤ ሕፃናቱን የምትጠብቀው ሞግዚት በሁለቱም ዙር የምትቀር ከሆነ ሦስተኛ ዙር ያዘጋጁ።

በየሦስት ወሩ፣ ሥራውን ሲጀምሩ ያነበቧቸውን ዓይነት ሰነዶች በአዲስ ሰብስበው ያንብቡና ከመጀመሪያው ገጽ ጋር ያስተያዩ። የቅሬታ ቁጥር በመጀመሪያዎቹ ወራት ቢጨምር አይደንግጡ፤ ሰው መንገዱን ማመን ሲጀምር ይጨምራል። ለቦርዱ ሲያቀርቡም ይህንን አስቀድመው ያስረዱ።

ሥራ አስኪያጁ ከተቀየሩ ወይም ፕሮጀክቱ ካለቀ የተፈረመው ደብዳቤ ዋጋ ያጣል። ስለዚህ የፈረቃ፣ የጉዳይ ውይይትና የቅሬታ ደንቦቹን ሳይዘገዩ በድርጅቱ የሰው ሀብት መመሪያ ውስጥ በቦርድ ያጽድቁ፤ አዲሱ ኃላፊ በመጡ በመጀመሪያው ሳምንትም አስተባባሪዎቹ ቀጠሮ ይዘው ሰሌዳውንና የመጨረሻውን የሦስት ወር ንጽጽር ያስረክቧቸው።